ፈትሹን እንጂ አትመልሱን!



ባለፈው ሰሞን ከፈጅር ሰላት በኋላ አንዲት የሰፈራችን እናት መስጂዱ በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ዛሬ አብረኸኝ ሂድ» አሉኝ። የባለቤታቸውን የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ሦስት ቀን ተመላልሰዋል። ሦስቱንም ቀን የተመለሱት ከአጥሩ በር ነው። አንድ ቀን «ዛሬ ስብሰባ ነው» ተባሉ። አንድ ቀን «መታወቂያዎ ጊዜው አልፎበታል፣ አይገቡም» ተባሉ። መታወቂያ የሚታደሰው እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው! በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ውስጥ ሰው አለዎት? ይደውሉለትና መጥቶ ያስገባዎት» ተባሉ።

አብሬያቸው ሄድኩ፤ እኔም ተመለስኩ። ወላሂ፣ የገረመኝ መመለሳችን አይደለም። ማንም አለመፈተሹ ነው! የእናታችንን ቦርሳ ያየ፣ የእኔን ኪስ የዳሰሰ አልነበረም። እዚያው ቆመን ሳለ አንድ መኪና ክላክስ አደረገ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት። ውስጡን ያየ የለም፤ ሹፌሩን «ወዴት ነህ?» ያለም የለም።

ታዲያ ይህ ጥበቃ የሚጠብቀው ምኑን ነው?

«አገሩ ሰላም አይደለም፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል» የሚል ወንድም አይጠፋም። ልክ ነው፣ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ኬንያውያን ነበሩ። ግን ፈንጂው የመጣው በመኪና ተጭኖ ነው። በእኛም አገር ሰኔ 15 ቀን 2011 ጄኔራል ሰዓረ መኮንን የተገደሉት በራሳቸው ጠባቂ ነው። አደጋ ያለ ፍተሻ በሚያልፍ መኪናም፣ በታመነ ሰውም ሊመጣ ይችላል። ወረፋ ይዘው የቆሙ አሮጊትን መመለስ ሁለቱንም አያስቆምም።

ፍተሻ አንድ ነገር ነው፤ ምርጫ ሌላ ነገር ነው። ፍተሻ «ምን ይዘሃል?» ይላል። ምርጫ «ማን አለህ?» ይላል። ፍተሻ ሕይወት ይጠብቃል። ምርጫ ግን ባለሥልጣኑን ከባለጉዳይ ይጠብቃል፤ ስሙ ብቻ ነው ጥበቃ የሆነው።

ይህ የበር ጉዳይ ትናንት የመጣ አይደለም። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረዲየላሁ ዐንሁ) የቃዲሲያ ጦር መሪ፣ በጀነት ከተበሰሩት አሥሩ ሶሓቦች አንዱ ነው። በኩፋ አስተዳዳሪ ሳለ የገበያው ጫጫታ ቢያስቸግረው ለቤቱ በር እንዳሠራ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ይህን ሲሰማ ሙሐመድ ኢብን መስለማን ልኮ በሩን አስቃጠለው። ሰዕድን የሚያህል ሰው እንኳ ከሕዝቡ የሚለየው በር አልተፈቀደለትም!

«ዑመር ራሱስ በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ መስጂድ ውስጥ ተወግቶ አልሞተም?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሙዓዊያም (ረዲየላሁ ዐንሁ) በ40ኛው ዓመት ከደረሰበት ጥቃት ከተረፈ በኋላ ለራሱ ጠባቂ አድርጓል። ነገር ግን ከሰዎች ጉዳይ ራሱን የሸሸገ መሪን የሚያስጠነቅቀው ሐዲስ ሲነገረው፣ የሕዝቡን ጉዳይ የሚቀበል ሰው ሾመ። ጠባቂ መኖሩ ባለጉዳይን ለመመለስ ምክንያት አይሆንም።

«አይቻልም» ለሚሉን ደግሞ መልሱ ቅርብ ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ ከ2012 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። ሰው ትኬት ይቆርጣል፣ ይፈተሻል፣ ይገባል። በቤተ መንግሥት የተቻለ ነገር በወረዳ ጽሕፈት ቤት እንዴት አቃተ? ጎብኚ ተፈትሾ ከገባ፣ ባለጉዳይ ለምን ሳይፈተሽ ይመለሳል?

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በር ላይ ተቁሞ በቃል የሚነገር፣ የትም የማይመዘገብ «አይቻልም» ምኑ ነው ግልጽ?

በር ላይ የቆመውን ወንድማችንን ግን አልወቅስም። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ፀሐዩና ዝናቡ የእሱ ነው። መቶ ንጹሕ ሰው ቢመልስ የሚጠይቀው የለም፤ አንድ ጥፋተኛ ቢያስገባ ግን መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ መመለስን ይመርጣል። ጥፋቱ እንዲህ ያለ ሚዛን አስይዞ በር ላይ ያቆመው አለቃ ነው። ውስጥ ያለው ኃላፊ «አላስገባ አሉኝ» የሚል አቤቱታ ጆሮው ስለማይደርስ እጁ ንጹሕ ይመስለዋል!

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም፦

1. የሚገባ ሁሉ ይፈተሽ፤ ባለመኪናውም፣ ባለሥልጣኑም። ሴቶችን ሴት ትፈትሽ።
2. የአገልግሎት መስኮቶች ከኃላፊዎች ቢሮ ተለይተው ለበሩ ቅርብ ይሁኑ። በ2017 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ አዳራሽ አሰባስቧል፤ ስለዚህ ባለጉዳይን ማስተናገጃ ቦታ ለብቻው ማዘጋጀት ይቻላል።
3. መታወቂያ የሌለው ሰው ስሙ ተመዝግቦ፣ ተፈትሾ ይግባ።
4. የተመለሰ ሰው ሁሉ ስሙና የተመለሰበት ምክንያት በመዝገብ ይጻፍ፤ ኃላፊው በየቀኑ ይፈርምበት።

አራተኛዋን ብቻ ብትተገብሩ እንኳ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ፊርማ ያለበት ክልከላ እንደ ቃል አይቀልም።

እኛም ዝም አንበል። የተመለስንበትን ቀን፣ ሰዓትና የተባልነውን እንጻፍ። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ካልሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በጽሑፍ እናቅርብ። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ካሉ ወደ መስጂዳችን ይምጡ፤ ሙስሊምም ይሁኑ ክርስቲያን፣ ኢንሻአላህ እጽፍላቸዋለሁ።

እኚያ እናት እስከ ዛሬ ወረቀቱን አላገኙም። ነገም አብረን እንሄዳለን።

አላህ በኃላፊነት ላይ ያሉትን ለሕዝብ ጉዳይ በራቸውን የሚከፍቱ ያድርጋቸው። አሚን።