የፈረንጅ ውሻ፣ የሐበሻ ውሻ

አመሻሽ ላይ ልደታ ኮንዶሚኒየም ብትገቡ ውሻውን ይዞ የሚንጎራደድ ጎረምሳ አታጡም። ከጥበቃው ጋር በአማርኛ ይቀልዳል፤ በስልክ ከእናቱ ጋር በአማርኛ ይጨቃጨቃል። ወደ ውሻው ሲዞር ግን «ሲት! ስቴይ! ጉድ ቦይ!» ነው። ሴቷንም «ጉድ ቦይ» የሚላት አለ። ውሻው እኮ ኮተቤ ተወልዶ ያደገ ነው!

አልፈርድበትም። የሚያየው የማሠልጠኛ ቪዲዮ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ውሻም ቢሆን የሚይዘው ድምፁንና የጌታውን ሁኔታ እንጂ ሰዋስው አይደለም፤ «ቁጭ በል» ቢሉትም ይቀመጣል። እኔን የሚገርመኝ ቋንቋው ለማን እንደተመደበ ነው። ከተማችን ውሻን ለሁለት ከፍላዋለች፤ የፈረንጅ ውሻና የሐበሻ ውሻ። የፈረንጁ ሮኪ ወይም ማክስ ተብሎ በእንግሊዝኛ ይታዘዛል። የሐበሻው ቡቺ ከተባለ ታድሏል፤ አብዛኛው የሚያውቀው «ሂድ!» የሚለውን ብቻ ነው። እሱንም እስኪባል አይጠብቅም፤ ሰው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳብኝ ነው ብሎ ይፈተለካል። ጃንሆይ እንኳ አጠገባቸው ያኖሯት ሉሉ የፈረንጅ ውሻ፣ ቺዋዋ ነበረች።

የሰፈር ውሻ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። የድሮው ልደታ ሲፈርስ ለሰው ምትክ ቤት ተፈለገ፤ ለውሻ ዕጣ አልወጣም። የቆርቆሮ አጥር ሲጠብቅ የኖረ ውሻ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? መንገድ ላይ ቀረ፤ እዚያው ተዋለደ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ደረጃ ሥር የሚያድረው ይሄኛው ሳይበላም ይጮኽልናል።

የእብድ ውሻ በሽታ ግን ፈረንጅ ሐበሻ አይልም። በዓለም ላይ በበሽታው ከሚያዙ ሰዎች 99 በመቶው የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን ለሰው የሰጠው ሉዊ ፓስተር ነው፤ ጉለሌ ያለው ሰፈርም በስሙ ከተቋቋመው ተቋም «ፓስተር» ተብሎ ቀረ። እዚያ ከበግ አንጎል የተሠራውን ክትባት ለ14 ቀን በየቀኑ ሆዳቸው ላይ የተወጉ ሰዎች መርፌውን አይረሱትም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ነገር የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የስርጭቱ ሰንሰለት ይበጠሳል። ሮኪ ተከትቧል፣ ካርድም አለው እንበል። ግቢውን በነፃ የሚጠብቀው ቡቺ ካልተከተበ ይሄ 70 በመቶ ከየት ይመጣል? ከፈረንጅ «ሲት»ን ወስዶ ክትባቱን፣ ማሰሪያውንና ማምከኑን መተው ለእኔ ጉራ ነው።

የኮንዶሚኒየም ማኅበራት ለጥበቃና ለጽዳት በየወሩ ገንዘብ ያዋጣሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ የቡቺን ክትባትም አጀንዳ አስይዙልኝ።