ድምፁን ልከው ፊቱን ያስቀሩት ዘፋኝ



ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ዘፈን ብዙዎቻችን አናዳምጠውም። የገጠር ሰው ዘፈን ነው፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ አገር ናፍቆት ይዘፈንበታል። ለረጅም ጊዜም የነጮች ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። የቻርሊ ፕራይድን የመጀመሪያ አልበም ታሪክ ግን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለናል።

ፕራይድ ጥቁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ስሌጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ጥጥ ያመርት ነበር፤ የእኩል አራሽ ኑሮ ምን እንደሆነ ጎንደር ላይ ያረሱ አባቶቻችን ያውቁታል። በቤታቸው ሬዲዮ ከናሽቪል የሚተላለፈውን ካንትሪ እየሰማ አደገ። ኋላ ቤዝቦል ተጫወተ፣ ሞንታና ሄዶ በማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ ሠራ፣ ማታ ማታም ዘፈነ።

በ1965 አርሲኤ የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረመው። በ1966 መጀመሪያ የወጣው ዘፈኑ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ሲላክ ግን፣ እንደ ደንቡ አብሮ መሄድ የነበረበት የዘፋኙ ፎቶ አልሄደም። ጣቢያዎቹ አጫወቱት፣ ሰውም ሰማው። ማን እንደሚዘፍን ያወቀው ጥቂቱ ነው።

በዚያው ዓመት «ካንትሪ ቻርሊ ፕራይድ» የሚል አልበም ወጣ። አልበም ደግሞ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ላይ ፊቱ ወጣ። ታዲያ ምን ሆነ? ገበያው ጥሎት አልሄደም። ሰዉ ፊቱንም አይቶ ገዛው፤ አልበሙ ከሚሸጡት የካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ ነበር ማለታችን አይደለም። ዲትሮይት ላይ ስሙ ሲጠራ ብዙ ሺህ ሰው አጨበጨበ፤ እሱ ብቅ ሲል አዳራሹ ጭጭ አለ። እሱም ስለ ቆዳው ቀለም ቀልድ ጣል አድርጎ አሳቃቸውና መዝፈኑን ቀጠለ። ሕዝቡም ወደደው።

አንዳንዱ ሰው «ኩባንያው ብልህ ነበር፣ ባይደብቀው ኖሮ በሩ አይከፈትለትም» ይላል። የዘመኑን ክፋት ስናስብ ይገባናል። ግን ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የመደበቁን ዋጋ የከፈለው ኩባንያው አይደለም፤ መድረክ ላይ ያንን ዝምታ ብቻውን የተጋፈጠው ዘፋኙ ነው። ሁለተኛ፣ አልበሙ እንዳሳየው የመሃል ሰዎቹ ፍርሃት ከአድማጩ ጥላቻ የበለጠ ነበር።

ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከልጆቻችን መካከል ለሥራ ቆሮት ኻይም ሲልክ ስሙን የሚለውጥ፣ ፎቶውን የሚያስቀር አለ። ልጁን አንወቅሰውም፤ እንጀራ ፍለጋ ነው። እኛ ወላጆች ግን «ደብቀው፣ ይሻልሃል» ብለን የምንመክር ከሆነ፣ ልጁ ፊቱን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል። ከዚያ ይልቅ ሙያህን አጥብቀህ ያዝ፣ በራፍ ላይ ዝም ቢሉህም ሥራህን ቀጥል እንበለው። ፕራይድ ያደረገው ይህንኑ ነው።

በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ ብሎ ሸለመው። በ2000 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ። በታኅሣሥ 2020፣ በ86 ዓመቱ አረፈ።

እናንተስ ለልጆቻችሁ ምን ትመክራላችሁ?