ሐኪሙ ቤት፣ ሕመምተኛው ወረፋ ላይ

ውድ የቱሉ ዲምቱ መራጮች!

ልጅዎ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ተምሮ ሐኪም ሆነ እንበል። የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተናውን ወደቀ፤ ወይም አልፎ ቦታ ሞላበት። ከዚያስ? በጠቅላላ ሐኪምነት ልቀጠር ቢል «መደብ የለም» ይባላል። የግል ክሊኒኩ የሥራ ልምድ ይጠይቀዋል። የሚቀረው የሕዝብ ጤና ማስተርስ፣ የመድኃኒት አስመጪ ወኪልነት ወይም ስደት ነው።

ለ10,000 ሰው በግምት 1 ሐኪም ባለባት አገር ሐኪም ሥራ የሚፈታው ሕመምተኛ ጠፍቶ አይደለም። መንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ሲያበዛ የቅጥር በጀቱን በዚያው ልክ ስላላሳደገ ነው። የተቀጠሩትም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታሰሩ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(4) ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት መመደብን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። የምንጠይቀው ችሮታ ሳይሆን ሕጉ እንዲፈጸም ነው።

ፓርቲያችን ሲመረጥ፦

1. በመመዘኛው 40,000 ሰው በሚያገለግል በእያንዳንዱ የከተማ ጤና ጣቢያ ቢያንስ ሁለት ጠቅላላ ሐኪም የሚቀጠርበት በጀት ይይዛል፤

2. በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ የሥልጠና ቦታዎች ያበዛል፤

3. የፈተናና የምደባ ውጤት ከነምክንያቱ እንዲገለጽ፣ ቅሬታም በገለልተኛ አካል እንዲታይ ያደርጋል።

ሁሉም ስፔሻሊስት ይሆናል ብለን አንዋሽዎትም። ስፔሻሊስት ያልሆነውም ግን ሐኪም ነው፤ ሰፈራችንም ይፈልገዋል።

ልጅዎ ተምሮ ቤት እንዳይቀመጥ፣ እርስዎም ታመው ሐኪም እንዳያጡ ድምፅዎን ይስጡን!