ተፈናቃይ የጎረቤት ዕዳ አይደለም

በካራቆሬ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በሰንበቴ ሰው በተፈናቀለ ቁጥር ከባለሥልጣናት አፍ የማይጠፋ ምስጋና አለ፤ ሕዝቡ ወገኑን ተቀበለ፣ ያለውን አካፈለ ይባላል። እውነት ነው፣ አካፍሏል። እኔ የምቃወመው ይህ ምስጋና የበጀት ምትክ መሆኑን ነው።

ያካፈለው ሰው ማን እንደሆነ እናስታውስ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል ጥቃቱ ካራቆሬንም ሸዋ ሮቢትንም አዳረሰ፤ በጅሌ ጥሙጋ በኩልም ቤቱን ጥሎ የሸሸው ብዙ ነው። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት የከሚሴን መንገድ ይዞ እስከ ሸዋ ሮቢት ወረደ። በጥር 2015 አጣዬና ጀውሃ እንደገና ታመሱ፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ዛሬ እንግዳ ተቀበለ የሚባለው የይፋት ገበሬ ትናንት ራሱ ደብረ ብርሃን በእንግድነት የከረመ ሊሆን ይችላል። ማሽላውን አውድማ ላይ፣ ማሾውን ማሳ ላይ ትቶ የሸሸ ሰው ጎተራው ውስጥ ምን ተርፎት ነው የሌላውን ቤተሰብ ለወራት የሚቀልበው? ጎረቤት ለሳምንት ይደርሳል። ዓመት ሲሞላ ግን የሚራቡት ሁለት ቤተሰቦች ይሆናሉ።

መንግሥት የት አለ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ ወረዳው ነው። ወረዳ የሚተዳደረው ከክልል በሚወርድለት ጥቅል ድጎማና ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው፤ አሠራሩ በአማራ ክልል ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ያለ ነው። ከገንዘቡ ትልቁ እጅ ደመወዝ ነው። ድጎማው ሲከፋፈል ከዋነኞቹ መለኪያዎች አንዱ የሕዝብ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚሰላው ከ1999ኙ ቆጠራ ተነስቶ ነው፤ አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ሕዝቧን አልቆጠረችም። ስለዚህ ከወለጋ ወይም ከአጎራባች ወረዳ የመጣው ተፈናቃይ በወረቀት ላይ ያለው ጥሎት በሄደው ቀዬ ነው። ውሃ የሚቀዳው፣ ጤና ጣቢያ የሚሰለፈው፣ ልጁን የሚያስመዘግበው ግን እዚህ ነው። ለነዋሪው ተብሎ የተገዛው መድኃኒት ከጊዜው ቀድሞ ሲያልቅ፣ ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሆኖ ክፍል ሲዘጋ፣ ነዋሪው የድጎማውን ቀመር አያይም፤ የሚያየው ተፈናቃዩን ነው። በብሔርና በወሰን ስም ይህን ያህል ደም በፈሰሰበት አካባቢ እንዲህ ያለውን ቅሬታ በበጀት ጉድለት መዝራት ትልቅ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

ከሌላ አገር የመጣ ስደተኛ ጉዳይ ባለቤት አለው። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት የፌዴራሉ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ይይዘዋል። ዳባት አጠገብ ያለው የዓለምዋጭ መጠለያ የተሠራው ከወረዳው በጀት ተቆርሶ አይደለም። በዚያም በኩል ጉድለቱ ከባድ ነው፤ በምዕራብ ጎንደር አውላላ ተጠልለው የነበሩ ሱዳናውያን በ2016 ደኅንነት አጥተው መጠለያውን ጥለው በእግራቸው ወጥተዋል። ሆኖም ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። የአገሪቱ የራሷ ዜጋ ሲፈናቀል ግን ቀበሌው ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል ይጽፋል፤ ስንዴው እስኪመጣ ሕፃኑ ይጠብቃል።

ሕጉ አልጎደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 መንግሥት አደጋ ለደረሰበት ሰው በወቅቱ እርዳታ እንዲያቀርብ ያዛል፤ አንቀጽ 94 ፌዴራሉ ለክልሎች ለአስቸኳይ እርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ገንዘብ እንዲሰጥ በር ይከፍታል። አፍሪካ ለተፈናቃዮች ያወጣችውን የካምፓላ ስምምነትም ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች።

እንግሊዝ በዚህ በኩል አልፋለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥገኝነት ጠያቂዎችን የማኖር ወጪ በኬንትና በለንደን የአካባቢ ምክር ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ጥፋታቸው ወደቡና አውሮፕላን ማረፊያው እነሱ ዘንድ መሆኑ ብቻ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ዋናውን ወጪ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት አዛወረው። ጭቅጭቁ እስከ ዛሬ አልበረደም፣ ግን የሚጨቃጨቁት ስለሚታወቅ ሒሳብ ነው። ካራቆሬም የተፈናቃይ መተላለፊያ የሆነችው የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ስለሚያልፍባት ነው። ይህ ዕዳ ሊሆንባት አይገባም።

በጀት ከተያዘለት ተፈናቃዩ አይመለስም የሚሉ አሉ። ሰው የማይመለሰው ቤቱ ስለተቃጠለና ልጁን ማን እንደሚጠብቅለት ስለማያውቅ ነው። ቀለቡን መቁረጥ ቤቱን አይሠራለትም፤ አስፋልት ዳር ለልመና ያወጣዋል እንጂ። ከመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ መዋጮ መሰብሰብም መልስ አይደለም፤ ያ መምህር ወይም ያች ነርስ ራሳቸው ንብረታቸውን ያጡ ናቸው።

ገንዘቡ ከሰውዬው ጋር ይሂድ። የተመዘገበ ተፈናቃይ ባለበት ወረዳ ድጎማው በዚያው ልክ ይጨመር፤ ጭማሪውም ከፌዴራል ይምጣ፣ ምክንያቱም ደሃ ክልል ደሃ ወረዳን ብቻውን አይሸከምም። ወረዳዎችም በገንዘብ የለንም ጀርባ መደበቅ ይተዉ። ከመጠባበቂያው፣ ከመንገዱ፣ ከትምህርቱ እያዛወሩ ለተፈናቃይ የሚያወጡትን በአንድ የሒሳብ መደብ አስፍረው ለሕዝብ ያሳውቁ፤ ያልተመዘገበ ወጪ ማንም አይተካላቸውም። የኤፍራታና ግድም፣ የጅሌ ጥሙጋና የቀወት ምክር ቤት አባላት ሐምሌ 1 የሚጀምረውን በጀት ለማጽደቅ እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት የተፈናቃዩ መደብ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ይጠይቁ፤ ከሌለም እጃቸውን አያውጡ።