ለጨቅላ ታካሚዎች ቀድመን እንድረስ

በስዌይሃን፣ በአል ዐይንና በአቡዳቢ የምትኖሩ ወገኖች፦

አገር ቤት ጨቅላ ልጅ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ የሆስፒታሉ ግቢ በዘመድ አዝማድ ይሞላል። አንዱ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እዚህ ግን አባት ከሥራ ፈቃድ ካላገኘ እናት ብቻዋን ናት። እኛም ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ቀድማችሁ እንድትደርሱ ነው።

ከልብ ሕመም ምልክት እንጀምር። በዓለም ላይ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 8 ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ሕፃኑ ጡት ይዞ ቶሎ ይደክመዋል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ኪሎ አይጨምርም፤ አንዳንዱም ከንፈሩ ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ በደረሰባት በስዌይሃን ላቡን በአየሩ ማሳበብ ቀላል ነው። እየጠባ የሚያልበው ልጅ ያላት ጎረቤት ካለች «ሙቀቱ ነው» ብለን አናጽናናት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እናድርሳት።

ቀጥሎ ወረቀቱ። በአቡዳቢ አዲስ የተወለደ ሕፃን ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት በእናቱ የጤና ኢንሹራንስ ይታከማል፤ ከዚያ የራሱ ያስፈልገዋል። ለዚህ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። አራስ ቤት ያለች ሴት ይህን ሁሉ ብቻዋን አትጨርሰውም። ኤምባሲና ቢሮ የሚያመላልስ፣ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ከመካከላችን ይመደብ።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ማደንዘዣው ሊሰጥ 4 ሰዓት ሲቀረው ጡት ማጥባት ይቋረጣል፤ ሆዱ ውስጥ ወተት ካለ ልጁ ሲደነዝዝ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ምክንያቱ በአማርኛ ያልተነገራት እናት ግን የምታየው የተራበ ልጇን ነው። ያለቅሳል፣ ጡቷ ሞልቶ ልብሷን ያርሳል፤ አንጀቷ አልችል ብሎ ተደብቃ ብታጠባው ቀዶ ሕክምናው ሊተላለፍ ይችላል። በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታችሁ ዐረብኛን አቀላጥፋችሁ የምትናገሩ እህቶች፣ ለዚህች እናት የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁላት፣ አጠገቧም ተቀመጡ። ያልገባትን ወረቀት አትፈርም።

የልብ ቀዶ ሕክምና ደምም ይፈልጋል። ጤነኛ የሆነ ሁሉ የኤምሬትስ መታወቂያውን ይዞ ወደ ደም ባንክ ይሂድ። በቅርቡ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ለነርሷ ሳይደብቅ ይንገር፤ ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ሰው መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል።

ስለ ገንዘብ እንጠንቀቅ። አዲስ አበባ ላይ በሞንታርቦ «ወገን ድረሱልን» እየተባለ ለታካሚ ሲለመን ማየት ለምደናል። በኤምሬትስ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ግለሰብ ከሕዝብ መዋጮ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፤ የዋትስአፕ ቡድንም ከዚህ አያመልጥም። ታማሚውን ልንረዳ ብለን ቤተሰቡን ሌላ ጣጣ ውስጥ እንዳንከት ጉዳዩን ፈቃድ ወዳላቸው ወደ ኤምሬትስ ቀይ ጨረቃና መሰል ተቋማት እናድርስ፤ ማመልከቻውን በመጻፍ እናግዝ።

ቀድሞ መደራጀት ምን እንደሚሠራ ከአገራችን እናውቃለን። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ የልብ ሕክምና ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ። ወረፋ የሚጠብቁት ሕፃናት ግን ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ። ለዕረፍት አገር ቤት የምትገቡ፣ ከሻንጣው ወጪ ቀንሳችሁ ወደ ማዕከሉ ጎራ በሉ።

በየሰፈራችሁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አሁኑኑ ተነጋገሩ፦ ማን ይተረጉማል፣ መኪና ያለው ማን ነው፣ ወረቀቱን ማን ያስጨርሳል? ሕፃን ከታመመ በኋላ ይህን ለመጠየቅ ጊዜ የለም።