አጠናው የኛ፣ ጣውላው የሰው

ባለፈው ወር ለማኅበራችን ቢሮ የመጻሕፍት መደርደሪያ ልናሠራ ኮልፌ አጠና ተራ ወረድን። ባሕር ዛፉ እንደ ልብ ነው፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ለፎቅ መወጣጫ የሚሆነው ሁሉ ተቆልሏል። የዝግባ ጣውላ ስንጠይቅ ግን ነጋዴው ሳቁና «ልጆቼ፣ እሱንስ አባቶቻችሁ ጨረሱት፤ ይልቅ ከውጭ የመጣ ኤምዲኤፍ ፈልጉ» አሉን። ዋጋውን ሰምተን ባዶ እጃችንን ተመለስን። መጻሕፍቱ ዛሬም ወለል ላይ ናቸው።

ነገሩ ከመደርደሪያ ያልፋል። ፈረንጆች ለስላሳ እንጨት ብለው የሚነግዱት የጥድን ወገን ነው። ያገራችን ጥድና ዝግባም ከዚያው ይቆጠራሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን አይቆጠርም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን አትርፏታል፤ ማገዶ አልቆ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበርና። ውለታውን አንክድም። ዳሩ ግን በለጋነቱ ለአጠና የተቆረጠ ዛፍ ጣውላ አይወጣውም።

እስቲ ወደ አውሮፓ እንመልከት (ዘመኑን በነሱ አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝና ሆላንድ ብዙውን ጣውላ ከኖርዌይ ይገዙ ነበር። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ በባልቲክ እንጨት ላይ ከባድ ቀረጥ ጥላ ፊቷን ወደ ካናዳ አዞረች። ቀረጡ ከ1842 ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ በ1866 ሲነሣ የስዊድን ሰሜናዊ ጫካ ሰፊ ገበያ አገኘ። በሱንድስቫል አጠገብ የእንፋሎት መጋዝ የቆመው በ1849 ነበር። ከዚህ ሁሉ እንጨት ማን ከበረ ቢባል መልሱ ሌላ ነው፤ በ1879 ደመወዛቸው የተቀነሰባቸው የሱንድስቫል የመጋዝ ሠራተኞች ሥራ ቢያቆሙ የተላከላቸው ወታደርና የጦር ጀልባ ነው።

ይሁንና ስዊድን በ1903 የቆረጠ ይተካ የሚል ሕግ አወጣች። ገዥዋ እንግሊዝም በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርከቦቿ እየሰጠሙ እንጨት ሲቸግራት፣ በ1919 የደን ኮሚሽን አቋቋመች። ሻጭም ገዥም በየፊናው ተማረ። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት የሩሲያን እንጨት ሲያግድ ስዊድንና ፊንላንድ ከጓሯቸው የሚቆርጡት ነበራቸው።

እኛስ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከለከለ። ደግ አደረገ። ነገር ግን አትቁረጥ ማለት ጣውላ አያበቅልም። ባለሙያ የለም እንዳይባል ወንዶ ገነት በስዊድኖች እርዳታ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የደን ባለሙያ ያስተምራል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ እኛም ጭቃ ረግጠን ተክለናል። የትኛው ችግኝ ለጣውላ እንደታሰበ፣ ማን አሳድጎ ማን እንደሚሸጠው ግን የነገረን የለም።

የፈረንጅ ጥድ እንኳ ለመጋዝ እስኪደርስ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ገበሬው ባሕር ዛፉን በአምስት በስድስት ዓመት ሸጦ ልጁን ያስተምርበታል። ታዲያ በምን አንጀቱ ይጠብቅ? እኛ የምንለው፣ ከውጭ በሚገባው ጣውላ ላይ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ተቆርሶ፣ ጥድና ዝግባ ለሚተክል ገበሬ እስኪደርስለት ድረስ የዓመት ድጎማ ይሰጠው ነው። ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንጠብቃለን፤ ጣውላ ለማስገባት ግን የውጭ ምንዛሪ ይገኛል።

ሐሳቡን በሚቀጥለው ስብሰባ ለክርክር እናቀርባለን። የደንና የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አግዳሚ ወንበሩ ስለማይበቃ ቀደም በሉ።