የቴአትር ትምህርት በምን ሚዛን ይመዘን?

ቴአትር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከታሪክና ከሒሳብ ጎን እንደ ሙሉ ትምህርት ይሰጥ ዘንድ ይገባዋልን ተብሎ ሲጠየቅ፤ ነገሩን ከዘፈንና ከዋዛ ቈጥሮ የሚያልፍ ሰው አይታጣም። ከቤተ ክህነት ወገንም እንዲህ የሚሉ አሉ። ነገር ግን የቴአትርን ድርሰት በአገራችን ካስፋፉት ቀደምት ደራስያን አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት የወጡ ሰው እንደ ነበሩ፤ አዲስ አበባም መጥተው መምህር በሆኑ ጊዜ ድርሰታቸውን ለተማሪዎች እያስጠኑ ያሳዩ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ከእርሳቸው በፊት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ጨዋታ ሹማምንትን ነክቷል ተብሎ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን (ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም.) ቴአትር ታግዶ ነበር፤ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ሹማምንት ስለ ሆኑ በዚህ ላይ ነገር አናስረዝምም።

ዛሬ ክወናና እይታዊ ጥበባት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የትምህርት ዓይነት ሆኖ ገብቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የቴአትር ጥበብ ክፍል አለው። የሚያስቸግረው በሁለቱ መካከል ያለው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ነው፤ በዚያ የተማሪውን ዕድል የሚቈርጠው አገር አቀፉ ፈተና ነውና። ይህም ፈተና እንደሚታወቀው ከቀረቡት ምርጫዎች አንዱን ፊደል መምረጥ ነው። አንድ ድርሰት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተጻፈ በዚህ መንገድ መጠየቅ ይቻላል፤ ተማሪው ድምፁን እንዴት እንደሚያወጣ፤ ባልንጀራው ሲናገር እንዴት እንደሚያደምጥ ግን አይታወቅም። የማይፈተነውን ደግሞ መምህሩ አያስተምረውም፤ ተማሪውም አያጠናውም። እንግዲህ ሚዛኑ ሳይበጅ ትምህርቱ ቢገባ፤ ስሙ ቴአትር ሆኖ ሥራው የዓመተ ምሕረት ቈጠራ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር ኤ ሌቭል ለሚባለው የመጨረሻ ፈተና፤ ኤ ኪው ኤ የተባለው ፈተና አዘጋጅ ድርጅት ቴአትርን የሚመዝንበት ሥርዓት ለምሳሌ ይረዳናል። የ3 ሰዓቱ የጽሑፍ ፈተና ከጠቅላላው ውጤት 40 በመቶ ብቻ ሲይዝ፤ የቀረው 60 በመቶ በሥራ ይገኛል። ከዚህም እኩሌታው ተማሪዎች ራሳቸው ፈጥረው በሚያሳዩት ጨዋታ፤ እኩሌታው ከታወቀ ድርሰት ተመርጦ በሚቀርበው ነው። መድረክ ላይ መቆም ያልሆነለት በአዘጋጅነት፤ በመብራት ወይም በልብስ ሥራ ሊፈተን ይችላል። በተለይ ያስደነቀን፤ ራሳቸው ለሚፈጥሩት ጨዋታ ከተመደበው 60 ነጥብ 40ው የሚሰጠው ተማሪው ሥራውን እንዴት እንዳሰበና እንዳረመ ለጻፈበት ደብተር መሆኑ ነው።

በአካል ቀርቦ መፈተን ግን ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ድጓውን በቤተልሔም፤ ዝማሬና መዋሥዕቱን በዙር አምባ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት አዚሞ እንጂ ወረቀት አጥቍሮ አይመረቅም። አቋቋምም ያለ እግር፤ ያለ እጅና ያለ ጸናጽል አይመሰከርም። ከቤተ ክህነት ወገን ቴአትርን የሚነቅፉ አባቶች ይህን ቢያስቡት፤ ሥርዓቱን ለማበጀት ከሁሉ ይልቅ የሚረዱ እነርሱ በሆኑ ነበር።

አስቸጋሪው ነገር እምነት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተወሰደው ኩረጃና የፈተና ስርቆት ስለ በዛ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መምህሩ ለገዛ ተማሪው ነጥብ ይስጥ ማለት ለአድልዎ በር መክፈት ነው የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። በእንግሊዝም ቢሆን ተማሪዎቹ የፈጠሩትን ጨዋታ መምህሩ ከመዘነ በኋላ ድርጅቱ ያጣራዋል፤ ከታወቀው ድርሰት የሚቀርበውን ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ይመዝነዋል።

በእኛም አገር የሙያው ምሩቃን በፈታኝነት ተመርጠው ከሌላ ከተማ ቢላኩ፤ ጨዋታውም በተንቀሳቃሽ ምስል ተቀርጾ ለይግባኝ ቢቀመጥ፤ አድልዎው እጅግ በቀነሰ ነበር። በአንድ ጊዜ በመላው አገር ይጀመር አንልም፤ ፈታኝ ሊደርስላቸው በሚችል ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይጀመር። አዳራሽ የለንም የሚሉ ቢኖሩ፤ የቅኔ ተማሪ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ሲነግር ኖሯል።